ሪቱክሲማብ፣ ኬሞ እና የራስ ስቴም ሴል፦ ወንድሜ ያለፈበት የሊምፎማ ሕክምና እንዴት ነው?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ሕክምና ከባድ ነው። ረጅም ነው። ከታማሚው አልፎ አስታማሚውንም ያደክማል። ግን ይሠራል፣ ለወንድሜም ሠርቶለታል። ከ5 ኮከብ ስጪ ብባል ለሕክምናው 5 እሰጣለሁ። በዙሪያው ላለው ወረቀት፣ ስልክና ኢንሹራንስ ግን ከ2 አላልፍም።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው፣ እሱ ታክሲ ይነዳል። መጀመሪያ አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጣበት። ቀጥሎ ብብቱ ላይ። ከዚያ ትንሽ እንደበላ ጠገብኩ ማለት ጀመረ፤ ለካ ጣፊያው አብጦ ጨጓራውን እየተጫነው ነበር። ባዮፕሲ፣ ማለትም ለምርመራ የሚቆረጥ ናሙና፣ ተወሰደና ማንትል ሴል ሊምፎማ ተባለ። ሊምፎማ ከነጭ የደም ሴል የሚነሳ ካንሰር ነው። ማንትል ሴል ብዙ የማያጋጥም ዓይነቱ ነው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ወንዶችን ያዘወትራል። ጠባዩ ክፉ ነው። ኬሞ ሲሰጡት ቶሎ ይሸሻል፣ ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። ድሮ በተለመደው ኬሞ ብቻ ሲታከም አብዛኛው ሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነበር የሚቆየው።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ቴክኒሺያን ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። መድኃኒት ማንበብ ግን የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ስሙን እያየሁ፣ ለምን እንደሚሰጥ እየጠየቅሁ ነው አብሬው የከረምኩት።

ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው ነው ያዳነው?» ብሎ ነው። ኬሞው ነው? ሪቱክሲማቡ ነው? ወይስ ደም የሚያመርተውን የራሱን ስቴም ሴል አውጥቶ መመለሱ፣ ማለትም ንቅለ ተከላው ነው? እኔ አብሬ ከርሜ የገባኝ ጉልበቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ መሆኑ ነው። አንዱ ለሚቀጥለው መንገድ ይጠርጋል። አንዱን ነጥላችሁ ብታወጡት የቀሩት ይዳከማሉ።

ከሪቱክሲማብ ልጀምር። ፀረ እንግዳ አካል ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ካንሰርን ለማከም የተፈቀደ የመጀመሪያው እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ነበር። ቢ ሴል በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ላይ ሲዲ20 የሚባል ምልክት አለ። መድኃኒቱ ያንን ምልክት ፈልጎ ይጣበቅበታል፤ የሚፈለገውን ቤት በር ላይ በኖራ እንደማስመር ማለት ነው። ከዚያ የሰውነት የራሱ መከላከያ መጥቶ ሴሉን ይገድለዋል። የጋሼ ካንሰር ከቢ ሴል የተነሳ ስለሆነ ምልክቱ አለው። ደም የሚያመርተው ስቴም ሴል ግን የለውም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ረጅም ነው። ፓራሲታሞልና የአለርጂ መድኃኒት አስቀድመው ይሰጡታል። ከዚያ ጠብታው በሰዓት 50 ሚሊግራም ብቻ ይጀምራል፣ በየግማሽ ሰዓቱ እያዩ ከፍ ያደርጉታል። ጋሼ ጥቂት እንደሄደ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠ። ነርሷ አልተደናገጠችም። ጠብታውን ዘጋች፣ መድኃኒት ጨመረችለት፣ ትኩስ ብርድ ልብስ አለበሰችው፣ ሲረጋጋ ከበፊቱ በቀስታ እንደገና ከፈተችው። በሚቀጥሉት ዙሮች እንቅልፍ እየወሰደው ነው ያለቀለት። የመጀመሪያውን ቀን አይታችሁ መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብላችሁ እንዳታቆሙ። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ እንዴት እንደሚይዙትም ያውቁበታል።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ሪቱክሳን የሚለው የዋናው ሪቱክሲማብ የንግድ ስም ሳይሆን ትሩክሲማ ነበር። ኢንሹራንሱ ርካሹን መርጦ ነው። ጋሼ «ፎርጅድ ነው እንዴ?» ብሎ ተጨነቀ። አይደለም። ከዋናው ጋር ተነጻጽሮ በ2018 የተፈቀደ ተመሳሳይ መድኃኒት ነው። እኔ በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም።

ለሀበሻ አንባቢ አስምሬ የምነግረው ነገር ይኸው። ሪቱክሲማብ ከመጀመሩ በፊት የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ መደረጉን በዓይናችሁ አረጋግጡ። እኛ አገር ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ላይ አለ፣ ብዙውም መያዙን አያውቅም። ድሮ ይዞ የተወ የሚመስል ቫይረስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ሪቱክሲማብ መከላከያውን ሲያወርደው ይነሳና ጉበትን ሊያጠፋ ይችላል። የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ ላይ በጥቁር ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ጉዳይ ነው። ጋሼ ላይ የቆየ ምልክት ተገኘ። ኤንቴካቪር የሚባል በቀን አንድ ኪኒን ጀመሩለት። የመጨረሻውን ሪቱክሲማብ ከወሰደ በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል። አገር ቤት ለኖረ ሰው ስለ ቲቢ እና ስትሮንጊሎይድስ ስለሚባለው ትልም ጠይቁ። ትሉ ምንም ሳያሳይ ለብዙ ዓመት ሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ከኬሞው ጋር የሚሰጠው ስቴሮይድ ደግሞ ያባብሰዋል። እዚህ ያለ ሐኪም ሁሉ ይህን ያስታውሳል ማለት አይደለም።

ኬሞው በየ21 ቀኑ ሁለት ዓይነት ቅንብር እያፈራረቀ ነው የተሰጠው። አንዱ ቾፕ የሚባለው ነው። በውስጡ ካሉት መድኃኒቶች አንዱ ቀይ ስለሆነ ሽንትን ያቀላል፤ ካልተነገራችሁ ደም መስሏችሁ ትደነግጣላችሁ። ሁለተኛው ዳፕ ነው፦ ዴክሳሜታዞን፣ ከፍ ባለ መጠን ሳይታራቢን፣ ከዚያ ሲስፕላቲን። ለማንትል ሴል ትልቁ ዱላ ሳይታራቢን ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። ሁለቱም ቅንብሮች ከሪቱክሲማብ ጋር ነው የሚሰጡት።

ሳይታራቢን በብዛት ሲሰጥ የአንጎልን ሚዛን መጠበቂያ ክፍል ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ነርሶቹ ከእያንዳንዱ ጠብታ በፊት ይፈትሹታል። አፍንጫህን ንካ፣ ጣቴን ንካ፣ ቀጥ ብለህ ተራመድ። በመጨረሻ ወረቀት ላይ ስሙን ያስጽፉታል። ጋሼ ስሙን የሚጽፈው በአማርኛ ነው። የመጀመሪያ ቀን ነርሷ ፊደሉን አየችና «ይህንኑ በየቀኑ ጻፍልኝ» አለችው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ ወረቀቱን ከትናንቱ ጎን አድርጎ ፊደል በፊደል ያነጻጽራል። አንድ ቀን ማታ የገባ ነርስ አንዷ ፊደል ላይ ያለችው ቅጥያ አጥራለች ብሎ እንደገና አስጻፈው። ደክሞት ነበር፣ ሌላ ችግር አልነበረበትም። ማንበብ የማይችሉትን ጽሑፍ እንዲህ በጥንቃቄ ማየታቸው ልቤን ነካው። ለነርሶቹ 5 ኮከብ ብቻ መኖሩ ያናድደኛል።

አሁን ወደዚያች ነጥብ ልመለስ። ካንሰሩ በምስል ላይ ከጠፋ በኋላ ስቴም ሴሉን ከራሱ ደም ነው የሚሰበስቡት። መጀመሪያ ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ ለተወሰኑ ቀናት ይወጋል። መርፌው ስቴም ሴሉ ከመቅኒ ወጥቶ ወደ ደም እንዲፈስ ያደርጋል። አጥንት ያማል፣ በተለይ ወገብና ዳሌ። ከዚያ ከማሽን ጋር ያገናኙታል። ደሙ በአንድ ቱቦ ይወጣል፣ ማሽኑ የሚፈልገውን ለይቶ ይወስዳል፣ ቀሪው በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ነገር ካልሲየም ስለሚያወርድ ከንፈር ይደነዝዛል። ቶሎ ንገሯቸው፣ ካልሲየም ይሰጣሉ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 2 ሚሊዮን ስቴም ሴል ያስፈልጋል።

ስጋቱ ግልጽ ነው። ከበሽተኛው ደም እየሰበሰባችሁ ካንሰሩንም አብራችሁ ብታስቀምጡስ? ሪቱክሲማብ አስቀድሞ መሰጠቱ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ምልክት ያላቸውን ሴሎች ከደሙ ጠርጓል። ምልክቱ የሌለውን ስቴም ሴል አልነካም። ስለዚህ በረዶ ውስጥ የሚገባው ከረጢት የጠራ ይሆናል። ዶክተሯ ይህን በወረቀት ላይ ሥለው ሲያስረዱን ነው ሦስቱ ለምን አንድ ላይ እንደሚሰጡ የገባኝ።

ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። ቢም ይሉታል፦ ካርሙስቲን፣ ኤቶፖሳይድ፣ ሳይታራቢን እና ሜልፋላን። 6 ቀን ይፈጃል። መጠኑ መቅኒውን የሚያደርቅ ስለሆነ ስቴም ሴሉ ካልተመለሰ ሰውየው ደም ማምረት አይችልም። ብዙ ሰው ንቅለ ተከላ ሲባል ካንሰሩን የሚገድለው የሚገባው ሴል ይመስለዋል። የራስ ሴል ሲሆን የሚገድለው ይህ ኬሞ ነው። ሴሉ የሚመለሰው ሰውየውን ከኬሞው ለማትረፍ ነው።

ሜልፋላን በሚሰጥበት ቀን በረዶ አስቀምጡ። ነርሷ ጠብታው ከመጀመሩ በፊት አንድ ኩባያ የተፈጨ በረዶ ይዛ መጣች፣ እስኪያልቅና ካለቀም በኋላ አፉ ውስጥ በረዶ እንዳይጠፋ አለችው። በረዶው የአፍን የደም ሥር ስለሚያጠብ መድኃኒቱ አፍ ላይ ብዙ አይደርስም፣ ቁስሉም ይቀንሳል። እናታችን በስልክ «የታመመ ሰው በረዶ ያበሉታል? ብርድ ይመታዋል!» ብላ አለቀሰች። ጋሼ ጥርሱ እያመመው፣ ከንፈሩ እየቀላ፣ አንዷን ፍሬ ሲጨርስ ሌላዋን እየወሰደ ጨረሰው። አፉ ቆሰለ፣ ግን ውኃና ሾርባ መዋጥ አላቆመም። አንድ ኩባያ በረዶ ያደረገውን ከብዙ ውድ መድኃኒት እኩል አደንቀዋለሁ።

ስቴም ሴሉ የሚመለስበት ቀን እንደ ደም መውሰድ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። አንድ ነገር ግን ያልጠበቅነው ነበር፣ ሽታው። ሴሉ በበረዶ እንዳይጎዳ የሚጨመርበት ኬሚካል በትንፋሽና በላብ ይወጣል። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል።

ከዚያ የደም ቁጥሩ ይወርዳል። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት መውሰድ፣ ምግብ መጥላት። እነዚህን ቀናት ማብራራት አልፈልግም፣ ከባድ ናቸው። ነጭ የደም ሴሉ ስቴም ሴሉ ከተመለሰ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ማንሰራራት ይጀምራል። ያኔ የሰው ፊት ይለወጣል።

የእኛ ባህልና የክፍሉ ሕግ የተጋጨው በጠያቂና በምግብ ነው። ጠያቂ በቁጥር ነው የሚገባው። ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ያለው ዘመድ ሁሉ ሊመጣ ፈለገ፣ ቅር ያለውም አልጠፋም። የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን በየማታው ድምፅ መላክ ጀመርን፣ ነገሩ ረገበ። እጣንና ቄጠማ ክልክል ነው፣ አበባም እንዲሁ፣ ሻጋታ ሊኖርበት ስለሚችል። ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ዱለት፣ ያልፈላ ወተትና የቤት እርጎ አይታሰብም። የምግብ ባለሙያዋ ዝርዝር ላይ ክትፎ የሚባል ነገር አልነበረም፣ እኔ ነገርኳትና ጻፈችው። በርበሬ የሚቻለው ከወጡ ጋር ከበሰለ ብቻ ነው። ሚጥሚጣ ላዩ ላይ መነስነስ አይቻልም። ጾም ላይ ያለ ሰው ከነፍስ አባቱ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር ጥሩ ነው። የጋሼ የነፍስ አባት ሳይለመኑ ነው ብላ ያሉት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሌት ተቀን አብሮት የሚሆን ሰው ካልተመደበ ሕክምናው ራሱ አይጀመርም። ልክ ናቸው። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ በዚያው ሰዓት መደወል አለባችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን። ግን ማን ሥራ ትቶ ይቀመጣል? አሜሪካ ውስጥ ለአስታማሚ የ12 ሳምንት ያልተከፈለ ፈቃድ የሚሰጠው የፌደራል ሕግ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅና ለወላጅ ነው። ወንድምና እህት የሉበትም። እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም አባት ማለት ነው ብዬ ለማን ላስረዳ? ፈረቃ እየቀያየርኩ፣ የማኅበራችን ሴቶች እየተፈራረቁልኝ ነው የተወጣሁት። ማኅበርተኛ የሌለው ሰው ከሕክምናው በፊት ሶሻል ወርከሯን ይህን ይጠይቅ።

ኢንሹራንሱም ደጅ አስጠንቶናል። ፈቃዱ ሳይመጣ የስቴም ሴል መሰብሰቢያው ቀን ተገፋ። እያንዳንዱን ጥሪ፣ የመለሰውን ሰው የመጀመሪያ ስምና ቀኑን ጻፉ። አስተርጓሚ ደግሞ መብታችሁ ነው፣ በነጻ ነው። ዘመድ ያስተርጉም ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። እህት ክፉ ዜና ሲነገር ለማለስለስ ትሞክራለች፣ እኔም ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቶ ያውቃል። ጋሼ ሁሉንም በቀጥታ መስማት ነበር የፈለገው፣ በአማርኛ አስተርጓሚ ሲሰማም ጥያቄዎቹ ተለወጡ።

ውጤቱስ? የኖርዲክ አገሮች ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ቅንብር ዕድሜያቸው 66 ያልሞላ 160 ሰዎች ላይ ሞክረው በ2008 አሳተሙ። በ6 ዓመት በሕይወት የቆዩት 70 በመቶ ነበሩ። ቆይተው ሲያዩ ከግማሽ የሚበልጡት 12 ዓመት አልፈዋል። በ2017 ደግሞ ፈረንሳዮች ከንቅለ ተከላ በኋላ ሪቱክሲማብ በየ2 ወሩ ለ3 ዓመት ቢቀጥልስ ብለው 240 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። በ4 ዓመት በሽታው ሳይመለስ የቆዩት ከወሰዱት 83 በመቶ፣ ካልወሰዱት 64 በመቶ ሆኑ። ጋሼ አሁን ያለው በዚህ ምዕራፍ ላይ ነው። በየ2 ወሩ ይሄዳል፣ ጠብታውን ይወስዳል፣ በማግስቱ ታክሲው ውስጥ ነው። ጉንፋን ግን ቶሎ ይይዘዋል፣ ሲይዘውም ይቆያል። የልጅነት ክትባቶችም እንደገና መሰጠት አለባቸው። እንደ ቢጫ ወባ ያሉ ሕያው ክትባቶች ለጊዜው ክልክል ስለሆኑ አዲስ አበባ የመሄዱን ነገር ዶክተሯ አቆይተውታል።

ዛሬ የሚጀምር ሰው ግን አንድ ጥያቄ ጨምሮ ይጠይቅ። በ2024 የታተመ 870 ሰዎች ያሉበት የአውሮፓ ጥናት ኢብሩቲኒብ የሚባለው እንክብል ከኬሞው ጋር ሲጨመር ያለ ንቅለ ተከላም ጥሩ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በዚያው ዓመት የቀረበ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከኬሞ በኋላ በረቂቅ ምርመራ የካንሰር ዱካ ካልተገኘ ንቅለ ተከላው ተጨማሪ ዕድሜ ሲሰጥ አላየም። ጋሼ በተወሰነለት ጊዜ የተሻለውን አግኝቷል፣ አልጸጸትም። ለእናንተ ግን «ዱካው ተመርምሯል ወይ? ንቅለ ተከላው ለእኔ ግድ ነው ወይ?» ማለት ተገቢ ነው። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም።

ከአዲስ አበባ ደውላችሁ ወደ ሕንድ ስለመሄድ ለምትጠይቁኝ፦ ሕንዶች የራሳቸውን ሪቱክሲማብ፣ ሬዲተክስ የሚባለውን፣ ከ2007 ጀምሮ ይሸጣሉ፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ከመሄዳችሁ በፊት የባዮፕሲውን ወረቀት ብቻ አትያዙ። በሰም የተቀመጠውን ናሙናና ስላይዱን ከላቦራቶሪው ጠይቃችሁ ውሰዱ። ማንትል ሴል መሆኑ የሚለየው ሳይክሊን ዲ1 በሚባል ልዩ ቀለም ነው። ያ ካልተሠራ እዚያ ካለው ናሙና ላይ ይሠሩታል፣ ሁለተኛ ቢላዋ አያስፈልግም። የሄፓታይተስ ቢ ውጤቱንም አብራችሁ ያዙ።